ሳያፈርሱ መጠገን፤ የኮምፒዩተርን ሥርዓት ሳይደመስሱ የማደስ ታሪክ

ባለፈው ዓመት አንዲት የክፍላችን ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ለማስረከብ ሦስት ሳምንት ሲቀራት ኮምፒዩተሯ አልነሣ አላት። መብራቱ ይበራል፤ የፋብሪካው ምልክት ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው። ወደ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ይዛው ብትሄድ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንደ አዲስ አድርጎ መለሰላት። እንደ አዲስ ስንል በእውነት እንደ አዲስ ነው፤ የሁለት ዓመት ማስታወሻዋ፣ ከሽማግሌዎች አፍ የቀዳችው የቃል ታሪክ፣ የጽሑፏም ረቂቅ ከብልሽቱ ጋራ አብረው ተጠርገው ነበር። ጠጋኙ ክፉ ሰው አልነበረም። ኮምፒዩተር አልነሣ ሲል «ፎርማት» ማድረግን ተምሯል፤ የተማረውንም አደረገ። ለድካሙ የጠየቀው ዋጋ ጥቂት ነበር። የቀረውን ዋጋ የከፈለችው ባለቤቲቱ ናት።

ይህን ጥናት ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይህ ነገር ነው። ጥያቄያችንም የሚከተለው ነው። የኮምፒዩተር ሥርዓት ሲበላሽ ሁሉን ደምስሶ እንደ ገና መጫን በእርግጥ ግዴታ ነውን? ከእኛ በፊት በዚህ ሥራ የነበሩ ሰዎች፣ መደምሰስ በማይቻልበት ጊዜ ምን ያደርጉ ነበር? መልሱን በታሪክ ቅደም ተከተል ለመፈለግ እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በአንድ ኮምፒዩተር ዲስክ ላይ ሁለት ዓይነት ንብረት ይኖራል። አንደኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለውና ከእርሱ ጋራ የሚሠሩት ፕሮግራሞች ናቸው። እነዚህ በብዙ ሚሊዮን ኮምፒዩተሮች ላይ አንድ ዓይነት ስለ ሆኑ ቢጠፉ ከሌላ ቦታ ይገኛሉ። ሁለተኛው ባለቤቱ ራሱ የጻፈው፣ ያነሣው፣ የሰበሰበው ነው። ይህኛው በዓለም ላይ ከዚያ ዲስክ በቀር ሌላ ቦታ ላይኖር ይችላል። አልነሣ ያለ ኮምፒዩተር ብልሽቱ ብዙውን ጊዜ ያለው በመጀመሪያው ዘንድ ነው፤ ፎርማት ግን ሁለቱን አይለይም።

ሀ. «መጣፊያ» የሚለው ቃል አመጣጥ

ዛሬ በኮምፒዩተር ሠራተኞች ዘንድ አንድ ትንሽ የማረሚያ ፕሮግራም «ፓች» ይባላል። ቃሉ በእንግሊዝኛ በተቀደደ ልብስ ላይ የሚሰፋውን መጣፊያ ያመለክታል። ወደ ኮምፒዩተር ሙያ የገባውም በምሳሌነት ብቻ አይደለም፤ በመጀመሪያው ዘመን መጣፊያው በእጅ የሚለጠፍ ቁራጭ ወረቀት ነበር።

ሃዋርድ ኤይከን ያሰበውና አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ የሠራው ማርክ አንድ የተሰኘው የሒሳብ መኪና በ1944 ዓ.ም. ኦገስት 7 ቀን ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ርዝመቱ 15 ሜትር ያህል ነበር። ትእዛዙን የሚያነበው ከተበሳ የወረቀት ጥቅል ሲሆን በያንዳንዱ ረድፍ 24 የቀዳዳ ቦታ ነበረ፤ የቀዳዳው መኖርና አለመኖር ለመኪናው እንደ ፊደል ያገለግል ነበር። እንግዲህ አንድ ቀዳዳ ያለ ቦታው ቢበሳ ምን ይደረግ? ጥቅሉን በሙሉ እንደ ገና መብሳት ጊዜ ከመፍጀቱም በላይ አዲስ ስሕተት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ሠራተኞቹ የተሳሳተውን ቀዳዳ በቁራጭ ወረቀት ይደፍኑት ነበር። እንደዚህ ያሉ መጣፊያዎች የተለጠፉበት የማርክ አንድ ጥቅል እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል።

ከዚህ ትንሽ ታሪክ አንድ ትልቅ ነገር እንረዳለን። መጣፊያ ለመለጠፍ ቀዳዳው የት እንዳለ ማወቅ ግድ ነው። ለመደምሰስ ግን ምንም ማወቅ አያስፈልግም፤ በጠጋኞች ዘንድ የተወደደበትም ምክንያት ይኸው ይመስለናል።

ለ. መደምሰስ በማይቻልበት ቦታ

ጥበቡ በደንብ የተፈተነው ሁሉን እንደ ገና መጫን ፈጽሞ በማይታሰብበት ቦታ፣ ይኸውም በጠፈር ላይ ነው። ሁለት ምሳሌ እንጠቅሳለን።

የመጀመሪያው በ1971 ዓ.ም. የአፖሎ 14 ጉዞ ነው። የጨረቃ ማረፊያዋ መንኰራኵር ኮምፒዩተር የማይለወጥ ፕሮግራም የሚያዝበት 36,864 ቃላት፣ የሚለወጥ ነገር የሚጻፍበት ደግሞ 2,048 ቃላት ብቻ ነበረው። የማይለወጠው ክፍል በእውነት የተሸመነ ነበር፤ በማሳቹሴትስ ፋብሪካ ውስጥ ሴቶች ሠራተኞች ቀጭን ሽቦ በትንንሽ የማግኔት ቀለበቶች ውስጥ ወይም በጐናቸው እያሳለፉ ሠርተውታል። በቀለበቱ ውስጥ ያለፈው አንድ፣ በጐኑ ያለፈው ዜሮ ማለት ነበር። መንኰራኵሯ በጨረቃ ዙሪያ ሳለች፣ ጉዞውን ለማቋረጥ የሚያገለግለው ቁልፍ ማንም ሳይነካው «ተነክቻለሁ» የሚል ምልክት ለኮምፒዩተሩ ይሰጥ ጀመር። በቁልፉ ውስጥ የቀረች የብየዳ ፍንጣሪ ሳትሆን አልቀረችም ተብሎ ተገመተ። ሰሌዳውን በእጅ ቢመቱት ምልክቱ ይጠፋል፤ ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል። መውረድ ከጀመሩ በኋላ ቢመለስ ኮምፒዩተሩ ማረፉን ትቶ ወደ ላይ ይዟቸው ይመለሳል።

የተሸመነውን ፕሮግራም ማንም ሊፈታው አይችልም። በማሳቹሴትስ የነበረው ወጣት መሐንዲስ ዶን አይልስ ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሌላ መንገድ አገኘ። በሚለወጠው ክፍል ውስጥ ጥቂት ቁጥሮች ቢቀየሩ፣ ኮምፒዩተሩ ጉዞውን የማቋረጡ ሥራ አስቀድሞ የተጀመረ መስሎት ቁልፉን መስማት ይተዋል። ቁጥሮቹ በሬዲዮ ተነበቡ፤ ኤድጋር ሚቸልም በሰሌዳው ላይ መታቸው። በፌብሩዋሪ 5 ቀን 1971 ዓ.ም. እርሱና አለን ሼፐርድ በጨረቃ ላይ በደኅና ዐረፉ። ከተሸመነው ፕሮግራም አንዲት ሽቦ እንኳ አልተነካችም።

ሁለተኛው ምሳሌ የቅርብ ጊዜ ነው። ቮያጀር 1 የተባለችው መንኰራኵር በሴፕቴምበር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. ከምድር ተነሣች። በኖቬምበር 2023 ዓ.ም. የምትልከው መልእክት ትርጉም የሌለው ሆነ። በዚያን ጊዜ ከምድር 24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ስለ ነበር አንድ ትእዛዝ ተልኮ እስኪደርስ 22 ሰዓት ተኩል፣ መልሱም እስኪመለስ እንዲሁ 22 ሰዓት ተኩል ይፈጅ ነበር። በካሊፎርኒያ ያሉት መሐንዲሶች በማርች 2024 ዓ.ም. ከሦስቱ ኮምፒዩተሮች የአንዱን ሙሉ የማስታወሻ ይዘት ለማንበብ ቻሉ። ከዚያም ብልሽቱ ሳይደርስ በፊት ከተነበበው ጋራ አነጻጸሩት። ልዩነቱ ቦታውን አሳያቸው፤ አንዲት የማስታወሻ ቺፕ ሞታ የኮምፒዩተሩ ማስታወሻ 3 ከመቶ ያህል ተበላሽቶ ነበር።

ቺፕዋን ሄዶ የሚለውጥ የለም። በእርስዋ ላይ የነበረውን ፕሮግራም በሙሉ የሚያስቀምጡበት አንድ ሰፊ ባዶ ቦታም አልተገኘም። ስለዚህ ፕሮግራሙን ቈራርጠው በየስርቻው አስቀመጡት፤ ቁራጮቹም እርስ በርሳቸው እንዲፈላለጉ አድራሻቸውን አስተካከሉ። የመጀመሪያውን ቁራጭ በኤፕሪል 18 ቀን ላኩ፤ በኤፕሪል 20 ቀንም መንኰራኵርዋ ደኅንነትዋን የሚገልጽ መልእክት መለሰች። በጁን ወር አራቱም የምርምር መሣሪያዎችዋ ወደ ሥራቸው ተመልሰው ነበር።

በሁለቱም ታሪኮች ጠጋኞቹ ብልሆች እንደ ነበሩ አይካድም። ነገር ግን ብልሃታቸው የሠራው አስቀድሞ የተዘጋጀ ነገር ስላገኘ ነው። በአፖሎ ዘንድ ከማይነካው ክፍል የተለየና ከውጭ የሚጻፍበት ትንሽ ቦታ ነበረ። በቮያጀር ዘንድ ደግሞ ጤነኛው ይዘት ተመዝግቦ በምድር ላይ ተቀምጦ ነበር። የትናንቱ ጤና ካልተመዘገበ የዛሬውን ሕመም መለየት አይቻልም።

ሐ. በጠረጴዛችን ላይ ያለው ኮምፒዩተር

በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ኮምፒዩተር ከእነዚህ ይልቅ ለመጠገን የቀለለ ሊሆን ሲገባው፣ ለብዙ ጊዜ የሆነው ተቃራኒው ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት በዊንዶውስ ላይ እናተኵራለን፤ በአገራችን በቢሮና በቤት በብዛት የምናገኘው እርሱ ነውና።

በ1990ዎቹ ዓመታት ብዙ ፕሮግራሞች በኅብረት የሚጠቀሙባቸው ዲ.ኤል.ኤል. የሚባሉ ፋይሎች ነበሩ። አንድ አዲስ ፕሮግራም ሲጫን የራሱን ዲ.ኤል.ኤል. በቀድሞው ላይ ይደርብና ለሌሎቹ መሰናክል ይሆናል። ሬጂስትሪ የሚባለውም ትልቅ መዝገብ የሁሉን ፕሮግራም ቅንብር ባንድነት ስለ ያዘ፣ እርሱ ሲጎዳ ሁሉ ይጎዳል። ኮምፒዩተሩ በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ቢቋረጥ ደግሞ ፋይሉ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከእነዚህ የትኛው እንደ ደረሰ ለማወቅ ጊዜ ይጠይቃል፤ ደምስሶ መጫን ግን መጠበቅን እንጂ ማሰብን አይጠይቅም። ልማዱ የሠረጸው በዚህ ሁኔታ ነው።

የፋብሪካዎቹ መሐንዲሶች ለዚህ ያቀረቡትን መድኃኒት በየጊዜው ብንመለከት በአራት ወገን ሊከፈል ይችላል።

አንደኛው በጥቂቱ መነሣት ነው። በ1991 ዓ.ም. በወጣው የማኪንቶሽ ሲስተም 7 ላይ ሺፍት የተባለውን ቁልፍ ይዞ ያስነሣ ሰው ትርፍ ፕሮግራሞቹን ሁሉ አግዶ ይገባ ነበር። በኦገስት 24 ቀን 1995 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 95ም ሴፍ ሞድ የሚባለውን አመጣ። ኮምፒዩተሩ በዚህ መንገድ ቢነሣ፣ ጥፋቱ በመሠረቱ ላይ ሳይሆን በኋላ በተጨመረው ነገር ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው ወደ ትናንት መመለስ ነው። ዊንዶውስ 98 የሬጂስትሪውን አምስት ቅጂ እያፈራረቀ ያስቀምጥ ነበር። በሴፕቴምበር 2000 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ ሚ ደግሞ ሲስተም ሪስቶር የሚባለውን አስገኘ። ይህ የሥርዓቱን ፋይሎችና መዝገቡን ወደ ቀደመ ቀን ሲመልስ የባለቤቱን ጽሑፎች አይነካም። ዊንዶውስ ሚ ራሱ በብልሽቱ የታወቀ ነበር፤ ከእርሱ ለትውልድ የተረፈው መልካም ነገር ግን ይህ ነው።

ሦስተኛው ከጤነኛ ቅጂ ጋራ ማነጻጸር ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 2000 ዋና ዋና ፋይሎቹን ይጠብቅ ነበር፤ ሲስተም ፋይል ቼከር የተባለው ፕሮግራምም እያንዳንዱን መርምሮ የተለወጠውን በጤነኛው ይተካል። ጤነኛው ቅጂ የተቀመጠበት ግምጃ ቤት ራሱ ቢበላሽስ? ከ2012ቱ ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ዲ.አይ.ኤስ.ኤም. የተባለው መሣሪያ ግምጃ ቤቱን ያድሳል። ስለዚህ ግምጃ ቤቱ ሲጠረጠር እርሱን በፊት ማደስ፣ ከዚያ ፋይሎቹን መመርመር ይገባል። የቮያጀር መሐንዲሶች ያደረጉት ማነጻጸርም ከዚህ ጋራ አንድ መሠረት አለው።

አራተኛው ከውጭ ቆሞ መሥራት ነው። በጃንዋሪ 2007 ዓ.ም. ለሕዝብ የተሸጠው ዊንዶውስ ቪስታ ከዋናው ሥርዓት የተለየ ትንሽ የመጠገኛ ሥርዓት ይዞ መጣ፤ ዋናው አልነሣ ሲል ትንሹ ተነሥቶ ያክመዋል። ከፍላሽ ዲስክ የሚነሣ ሊኑክስም እንዲሁ ያገለግላል። የወደቀ ሰው ራሱን እንደማያነሣ ሁሉ፣ የተበላሸ ሥርዓትም በገዛ ራሱ ላይ ቆሞ ሊጠገን አይችልም።

መ. ሁለት ታላላቅ ፈተናዎች

እነዚህ መሣሪያዎች መኖራቸው ብቻ እንደማይበቃ ሁለት የቅርብ ዘመን ጥፋቶች አሳይተዋል።

በጁን 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም ከዩክሬን ተነሥቶ በዓለም ተሠራጨ። ገንዘብ የሚጠይቅ መስሎ ቢታይም እውነተኛ ሥራው ማጥፋት ነበር። ሜርስክ የተባለው የዴንማርክ የመርከብ ኩባንያ ሊቀ መንበር በኋላ እንደ ገለጹት፣ ኩባንያው በ10 ቀን ውስጥ 4,000 ሰርቨሮችና 45,000 ኮምፒዩተሮች እንደ ገና ጫነ። ይህ እንግዲህ ሁሉን ደምስሶ የመጫን ትልቁ ምሳሌ ነው። ሆኖም እርሱ እንኳ ያለ አንድ ጤነኛ ቅጂ ሊሆን አልቻለም። የሠራተኞቹን ስምና ፈቃድ የሚይዙት 150 ያህል ማእከላዊ ሰርቨሮች አንዱ የሌላው ቅጂ ስለ ነበሩ፣ ኩባንያው ሌላ ቅጂ አላኖረም ነበር፤ ሁሉም ባንድነት ጠፉ። የተረፈው አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም በጋና። ያዳነውም የማንም ጥበብ ሳይሆን፣ ጥፋቱ ሲደርስ በዚያ መብራት ጠፍቶ መሆኑ ነው። መስመሩ ቀጭን ስለ ነበር ይዘቱን በኢንተርኔት መላክ ብዙ ቀን የሚፈጅ ሆነ፤ የጋናው ሠራተኛም ወደ እንግሊዝ አገር መግቢያ ቪዛ ስላልነበረው ዲስኩን ወደ ናይጄሪያ ወስዶ በአውሮፕላን ጣቢያ ለሌላ ሠራተኛ አስረከበ፤ ያም ወደ ለንደን ይዞት በረረ። መብራት መጥፋት በረከት ሲሆን የሰማነው በዚህ ታሪክ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ፈተና በጁላይ 19 ቀን 2024 ዓ.ም. የደረሰው ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የጥበቃ ኩባንያ አንድ ስሕተት ያለበት ፋይል ለደንበኞቹ ላከ። ፋይሉ 21 ነገሮችን እንዲመረምር ሲያዝ፣ ለሚያነበው ፕሮግራም የተሰጠው 20 ብቻ ነበር፤ ሃያ አንደኛውን ከማይገባው ቦታ ሊያነብ ሲሞክር ዊንዶውስን ይዞ ወደቀ። ኩባንያው ፋይሉን በ78 ደቂቃ ውስጥ ቢያነሣውም፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8 ሚሊዮን ተኩል ያህል ኮምፒዩተሮች ተመትተው ነበር። አውሮፕላኖች ቀሩ፤ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተቸገሩ።

ጥገናው በሴፍ ሞድ ገብቶ አንድ ፋይል ማጥፋት ብቻ ነበር። ደምስሶ መጫን አላስፈለገም። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተሮቹ ስለማይነሡ ማረሚያውን ከሩቅ መቀበል አልቻሉም፤ ብዙዎቹ ዘንድ ሰው ሄዶ በእጁ መሥራት ነበረበት። ዲስካቸው በቢትሎከር የተቆለፈባቸው ደግሞ 48 አኀዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠየቁ ነበር፤ አንዳንድ መሥሪያ ቤቶችም ቁጥሮቹን ያስቀመጡት በዚያው በወደቀው ሰርቨር ላይ ሆኖ ተገኘ። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ ዘጋ ሰው ሆኑ።

ሠ. ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

ከማርክ አንድ መጣፊያ እስከ 2024 ዓ.ም. ያለውን ስንመለከት፣ ሳያፈርሱ መጠገን የተቻለው በጠጋኙ ብልሃት ብቻ ሳይሆን ባለቤቱ በጤናው ዘመን ለይቶ ባስቀመጠው ነገር እንደ ሆነ እንረዳለን። የሚያስፈልጉትም ጤነኛ ቅጂ፣ ከውጭ የሚቆሙበት ቦታና ቁልፍ ናቸው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ያባቶች ቃል ለኮምፒዩተርም የተነገረ ይመስላል።

ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ቅደም ተከተል አለ። በመጀመሪያ ከፍላሽ ዲስክ አስነሥቶ የባለቤቱን ጽሑፍና ሥዕል ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው። ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ፣ ለምሳሌ ያልተለመደ ድምፅ ቢያሰማ ወይም ሲያነብ ቢንተፋተፍ፣ ንብረቱ ሳይወጣ በላዩ ላይ ምንም ጥገና መጀመር አይገባም። ቀጥሎ ከብልሽቱ በፊት ምን እንደ ተጨመረ ባለቤቱን መጠየቅና በሴፍ ሞድ ማንሣት ያን ነው። ይህ ካልረዳ ወደ ቀደመው ቀን መመለስ፤ የመመለሻ ቀን ከሌለ ፋይሎቹን ከጤነኛው ጋራ ማነጻጸር ይገባል። ይህም ሁሉ ካልሆነ ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 የባለቤቱን ፋይሎች አስቀርቶ ሥርዓቱን ብቻ እንደ ገና የሚጭን መንገድ አላቸው፤ ፕሮግራሞቹ ይጠፋሉ፣ ጽሑፉ ግን ይተርፋል። ፎርማት የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው።

ፎርማት ፈጽሞ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ጠላት የሆነ ፕሮግራም በሥርዓቱ ውስጥ ሥር ከሰደደ፣ የቱ ጤነኛ የቱ የተመረዘ እንደ ሆነ ማመን አይቻልምና መደምሰሱ ትክክል ነው። የእኛ ክርክር ስለ ቅደም ተከተሉ ነው፤ መጀመሪያ መገልበጥ፣ ከዚያ መደምሰስ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ በዲስክ ላይ የፈሰሰ ግን ብዙ ጊዜ አይለቀምም።

ወደ ጀመርንበት እንመለስና፣ ያችን ተማሪ በኋላ ስንጠይቃት ኮምፒዩተሯ የወደቀው በማሻሻያ መካከል መብራት ተቋርጦ እንደ ነበር ነገረችን። እኛ እስከ ተረዳነው ድረስ ዲስኩ ጤነኛ ስለ ነበር ከፍላሽ ዲስክ ተነሥቶ ማስታወሻዋን መገልበጥ ከአንድ ከሰዓት በኋላ የማይበልጥ ሥራ ነበር። ጽሑፏን እንደ ገና ለመጻፍ አንድ ሴሚስተር ፈጀባት። ከቃል ታሪኩ ግን የማይመለስ አለ፤ ከነገሯት ሽማግሌዎች አንዱ በዚህ መካከል ዐርፈዋል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን ለጠጋኝ የሚሰጥ ሰው ሁሉ፣ ዋጋ ከመጠየቁ አስቀድሞ «ፋይሌን ገልብጠህ ነው የምትጀምረው?» ብሎ እንዲጠይቅ አደራ እንላለን።